ወይዘሪት ለምን

መስከረም 24

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህን የዕቃ መኪናው ሹፌር ትናንት አደረሰልኝ። ስለ ጤናህ አንድ መስመር፣ ስለ ታብሌት ሦስት ገጽ ጽፈሃል፤ ከዚህ ተነስቼ ደህና መሆንህን ገምቻለሁ። እኔም ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው። ጉልበቴ እንደምታውቀው ነው፣ ደረጃ ሲያይ ይቀየመኛል።

ለክፍልህ ልጆች ታብሌት እንድሰጥ ለጠየቅከኝ መልሴ እሺ ነው። ግን እሺ ያልኩበትን ምክንያት እወቅ። ታብሌቶቹ አንድ ክፍል ውስጥ ተቆልፎባቸው በሳምንት አንዴ «የኮምፒዩተር ክፍለ ጊዜ» እየተባለ የሚጎበኙ ቢሆን ኖሮ እጄን አላስገባም ነበር። አንተ የጻፍከው ሌላ ነው። አራተኛ ክፍል ሒሳብ ሲማር ጥላ ይለካበት፣ ሳይንስ ሲማር የባቄላ ቡቃያ በየቀኑ ፎቶ ያንሳበት፣ ቋንቋ ሲማር ድምፁን ቀድቶ ራሱን ይስማበት ነው ያልከው። ዕቃው በየዕለቱ ትምህርት ውስጥ እንደ ጠመኔ ይግባ ብለሃል። ይሄ ለነጋዴም ይገባል። መደርደሪያ ላይ የሚከርም ዕቃ እኔንም ያመኛል።

ወጪውን ብቻዬን ስለማልችለው የሱቅ መደዳችንን ሰው አማከርኩ። ከግራዬ ያለችውን ልብስ ሰፊ ታውቃታለህ፣ ከቀኜ ያለውን ሰዓት ሠሪም። ሁለቱም ሳያቅማሙ ገቡበት፣ ሌሎቹም ተከተሉ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆቹ ምን እንደሠሩበት መስማት ይፈልጋሉ። ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ስለዚህ በስልክ አትንገረኝ። በስልክ ትቸኩላለህ፣ እኔም መሐል ላይ ደንበኛ ይመጣብኛል። ጻፍልኝ፤ ከሰዓት በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ጮክ ብዬ አነብላቸዋለሁ።

ለራሴም ነው ደግሞ። እኔ ከሰባተኛ ወጥቼ ከእማማ ጋር ሱቅ ስቆም፣ አንተ ከባንኮኒው ሥር ተቀምጠህ የቤት ሥራህን ትሠራ ነበር። እኔ ከላይ ሆኜ እጠይቅህ ነበር፣ አንተ ከታች ትመልስልኝ ነበር። መምህር ከሆንክ ወዲህ ጥያቄዬ ያለቀ እንዳይመስልህ።

ካርቶኑን ሱቁ ቀለም ተቀብቶ እንዳለቀ እልካለሁ።

እህትህ


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ ጥቅምት 16

ካርቶኑ ከሄደ ሰነበተ። ዛሬ ማሳያዎቹን ወደ መስታወቱ ልመልስ ካርቶናቸውን ከፈትኩ። ማሳያ የምለው አምራቹ ለሱቅ መስታወት ብቻ የሚልካቸውን ባዶ ቅርፊቶች ነው። ክብደታቸው እውነተኛውን እንዲመስል ውስጣቸው ብረት አለ፤ ስክሪናቸው የተለጠፈ ሥዕል ነው። የመጀመሪያውን ሳነሳ ጎኑን ተጭኜው መሰለኝ፣ እጄ ላይ በራ። ሁለተኛውም በራ። ሁሉም በሩ።

ቀለም ቀቢዎቹ ዕቃ ሲያገላብጡ ሁለቱ ካርቶኖች ተቀያይረዋል፤ መልካቸው አንድ ነው። ሳልከፍት ያሸግኩት እኔ ነኝ። ወንድሜ ዘንድ የሄደው ፕላስቲክና ብረት ነው። ልጆቹ ፊት ሲከፍተው ምን ብሎ ይሆን? ይስቅብኛል። ይሳቅ። የይቅርታ ደብዳቤ ጽፌ እውነተኞቹን እንደገና አሸግኩ። መኪናው ሲመጣ አብሮ ይሄዳል።


ጥቅምት 13

ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽ? ጉልበትሽስ? የመደዳው ሰው ሁሉ እንደምን ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤዬ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ምክንያቱን ስታነቢ ይቅር ትይኛለሽ።

ካርቶኑ ደርሷል! ልጆቹ ፊት ነው የከፈትኩት። አንድ በአንድ ሲበሩ ክፍሉ ውስጥ የነበረውን ጸጥታ ብታዪ። ከዚያ ጸጥታው አለቀ። የመጀመሪያውን ትምህርት ስለ ድምፅ አደረግኩት፤ ታብሌቱ ጩኸት ይለካል። በቡድን በቡድን እየሆኑ በየክፍሉ ደጃፍ ቆመው ለኩ፣ ግራፍ ሠሩ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ ደረደሩ። አንደኛ የወጣው የመምህራን ማረፊያ ነው። ርዕሰ መምህሩ ግራፉን አይተው ሳቁ፣ ከዚያ መሳቃቸውን አቆሙ።

በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለችኝ። ለምን ሳትል አትውልም። «ለምን ግድግዳው ጋ ሲለካ ይበዛል?» አለችኝ። ክፍሉ በሙሉ ወይዘሪት ለምን ብሏታል። ለመደዳው ሰው ስለሷ ንገሪልኝ።

ታናሽሽ


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ ጥቅምት 20

መኪናው ደብዳቤውን ይዞ መጣ። ሁለቴ አነበብኩት። የተጻፈበትን ቀንም አየሁ፤ ካርቶኑ ከደረሰው በኋላ ነው።

ልብስ ሰፊዋ መኪናውን ስላየች ወንበሯን ይዛ መጣች፣ ሰዓት ሠሪውም ተከተላት። አነበብኩላቸው። የመምህራን ማረፊያው ላይ ሳቁ። ሰዓት ሠሪው ወይዘሪት ለምን የሚለውን ስም ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ። ደገምኩለት።

የይቅርታ ደብዳቤዬን አልላክሁም። እውነተኞቹንም ከመኪናው ላይ አስወረድኩ። ሹፌሩ ጀርባውን ይዞ፣ «እትዬ፣ ወይ ጫኚው ወይ አትጫኚው» አለኝ። ደንበኛ ሲዋሸኝ ወዲያው አልናገርም። መጀመሪያ ምን ፈርቶ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።


ጥቅምት 21

ለወንድሜ፣

ደብዳቤህ ለሁሉም ተነቧል። ሰዓት ሠሪው ለወይዘሪት ለምን አጉሊ መነጽር ልኳል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በጨርቅ ተጠቅልሏል። ስትሰጣት የሷን መልስ እንድትጽፍልን አደራ ይላል።

ዕቃውን ስትከፍተው ያልጠበቅከው ነገር አጋጥሞህ ከሆነ ሳታፍር ጻፍልኝ። ካርቶን ይሳሳታል፣ እኔም እሳሳታለሁ። ከትምህርት ቤቱ በኩል ያስቸገረህ ነገር ካለም እንዲሁ። በእኔና በአንተ መካከል የሚያሳፍር ነገር የለም።

እስከዚያው ትምህርትህን በራሴ ስልክ ሞከርኩት። የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ጩኸት ሰዓት ሠሪው ከምሳ በኋላ ከሚያንኮራፋው በጥቂት ይበልጣል። እሱ ግን ውጤቱን አልተቀበለም፣ ድጋሚ ይለካ ብሏል። እውነትም ግድግዳው ጋ ይበዛል። የባቄላውን ትምህርት ዝርዝር ላክልኝ።

እህትህ


ኅዳር 3

ለእትዬ፣

ኧረ ምን ያልጠበቅኩት ነገር? ሁሉም እንደ ላክሽው ነው። ስክሪናቸው ጥርት ያለ፣ ባትሪያቸው ቀኑን ሙሉ የሚውል። እጅሽ ይባረክ። ወይዘሪት ለምን መነጽሩን አንገቷ ላይ አስራዋለች፤ የእጅ ጽሑፏ ገና ስለሆነ ምስጋናዋን እኔ እንድጽፍላት ጠየቀችኝ።

የባቄላው ትምህርት ይኸውልሽ። ሁለት ብርጭቆ፣ እርጥብ ጨርቅ፣ በየብርጭቆው አንድ ፍሬ። አንዱ ብርሃን ያግኝ፣ ሌላው ካርቶን ይደፋበት። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ከተመሳሳይ ቦታ ፎቶ ይነሱ። ከመጀመርሽ በፊት የትኛው እንደሚረዝም ገምተሽ ጻፊ። መገመቱን እንዳትዘልዪው፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ታናሽሽ


ኅዳር 24

ለወንድሜ፣

ብርሃን ያገኘው ይረዝማል ብዬ ገምቼ ነበር። ልብስ ሰፊዋም እንደኔ፣ ሰዓት ሠሪው ብቻ አልገምትም አለ። ተሸነፍን። ካርቶን የተደፋበት እጥፍ ረዘመ። ግን መልኩ እንደ በሽተኛ ነው፣ ነጣ ብሎ ቢጫ፣ ራሱን መሸከም አቅቶት የብርጭቆው ጠርዝ ላይ ተደግፏል። ብርሃን ያገኘው አጭርና ወፍራም ነው፣ አረንጓዴ። ደግሞ ወደ በሩ አጎነበሰ፤ ብርጭቆውን አዞርኩበት፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሶ ወደ በሩ ዞረ። ደንበኛ የሚጠብቅ ነጋዴ ይመስላል።

ሁሉንም ባንኮኒዬ ላይ ፎቶ አንስቻለሁ። አሁን ልጠይቅህ። ምግቡ ብርሃን ከሆነ፣ ብርሃን ያጣው ለምን ረዘመ? ያንን ሁሉ ርዝመት ከየት አመጣው?

ሌላም ጥያቄ ነበረኝ፣ ትቼዋለሁ። አንተ ራስህ የምትነግረኝ ነገር ካለ እጠብቃለሁ።

እህትህ


ታኅሣሥ 9

ለእትዬ፣

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ብታምኚም ባታምኚም ወይዘሪት ለምን በዚያው ሳምንት ቃል በቃል ይህንኑ ጠየቀችኝ፤ «ርዝመቱን ከየት አመጣው?» አለች። ወደ በሩ ያጎነበሰውንም «ደንበኛ የሚጠብቅ ነጋዴ ይመስላል» ብላ ክፍሉን በሳቅ ጨረሰችው።

መልሱ ይኸውልሽ። ፍሬው ውስጥ እናቱ ያኖረችለት ስንቅ አለ። ጨለማ ውስጥ ያለው ብርሃን እስኪያገኝ ያንን ስንቅ በሙሉ ለርዝመት ያወጣዋል። ለግንዱም ለቅጠሉም አይተርፈውም። ስንቁ ሲያልቅ ብርሃን ካላገኘ ይወድቃል።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የልጆቹ ፎቶዎች በስህተት ጠፉ። የአንቺን ብትልኪልኝ ለማነጻጸሪያ ይሆነኛል። በወረቀት ታትሞ ቢሆን ይመረጣል። ስለ ክፍሌ አንድ ዘገባ እየጻፍኩ ነው።

ታናሽሽ


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ ታኅሣሥ 16

ፎቶዎቹን አሳትሜ ላክሁለት። ምን እንደሚያደርግባቸው እያወቅኩ ነው የላክሁት። ምናልባት ሲደርሱት ያፍራል ብዬ ነበር።

ደብዳቤውን ለመደዳው ሰው አነበብኩ። «ደንበኛ የሚጠብቅ ነጋዴ» ላይ ስደርስ ልብስ ሰፊዋ፣ «ያንቺን አባባል ልጅቷ ከየት ሰማችው?» አለችኝ። ልጆች አንድ ዓይነት ያስባሉ አልኳት። «አንቺ ልጅ ነሽ እንዴ?» አለች። ሳቁ፣ እኔም ሳቅኩ። መልሱን ስለ ስንቁ ሳነብ ግን ማንም አልሳቀም። ያስተምራል። ይሄን አልክደውም፣ ልጁ ማስተማር ያውቃል።


ጥር 10

ለእትዬ፣

ምሥራች። ዘገባዬ ከሁሉም ተመርጦ ሞዴል መምህር ተብያለሁ። የትምህርት ቢሮው መጽሔት ያወጣውን ገጽ አያይዤልሻለሁ፣ ፎቶዬም አለበት፣ ክራቫቴ ጠማማ ነው፣ አትሳቂ። የካቲት 8 ኃላፊዎች ከቢሮ መጥተው ትምህርቱን በዓይናቸው ያያሉ። ከዚያ በኋላ ወደ ቢሮው ተዛውሬ ለሌሎች መምህራን አሠልጣኝ እንድሆን ታስቧል። ያን ቀን ክፍሉን በአዲስ መልክ እናሰናዳዋለን።

ይህ ሁሉ የአንቺ ነው። እማማ ብትኖር ኖሮ ባንኮኒው ላይ ቆማ ታጨበጭብ ነበር።

ታናሽሽ


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ ጥር 14

መጽሔቱ ላይ የባቄላዬ ፎቶ አለ። ከሥሩ «የአንዲት አራተኛ ክፍል ተማሪ ሥራ» ይላል። ሰዓት ሠሪው ገጹን ተቀብሎኝ ዓይኑ ላይ የሰዓት መጠገኛ መነጽሩን አደረገ። ከብርጭቆው ኋላ፣ ጥግ ላይ፣ እሱ ራሱ ባለፈው ዓመት የጠገነልኝ የባንኮኒዬ ሰዓት ይታያል፤ መስታወቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ሳይቀር። መነጽሩን አወለቀ።

«ልጅቷም እንዲህ ያለ ሰዓት አላት?»

«ይመስላል» አልኩት።

ገጹን አጥፎ መለሰልኝና ወደ ሱቁ ገባ። ቀኑን ሙሉ አላነጋገረኝም። ልኩ ነው። እስካሁን ዝም ያልኩት ወንድሜን ለማዳን ነበር፤ እነሱን ግን በየደብዳቤው ውሸት እያነበብኩ ወንበር ላይ አስቀምጫቸዋለሁ።


ጥር 15

ለወንድሜ፣

ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ካርቶኑን አልከፈትከውም። ከጥቅምት ጀምሮ አውቃለሁ። ውስጡ ያሉት የሱቄ ማሳያዎች ናቸው፤ በስህተት አሽጌ የላክሁልህ እኔ ነኝ። አይበሩም፣ ጩኸት አይለኩም። እውነተኞቹ እዚህ መደርደሪያዬ ላይ ናቸው። ከፍተኸው ቢሆን በዚያው ቀን ትስቅብኝ ነበር፣ እኔም በሚቀጥለው መኪና እክስህ ነበር።

ለምን እንዳልከፈትከው አልጠየቅኩህም፣ ብዙ በር ከፍቼልህ ግን አልገባህበትም። አሁንም የምልህን ስማኝ። እንግዶቹ ከመምጣታቸው በፊት ካርቶኑን ልጆቹ ፊት ክፈተው። ለልጆቹም ለርዕሰ መምህሩም እህቴ ካርቶን ተሳስታ ላከች በል፤ እውነት ነው፣ ስሜን ጥራ፣ አልቀየምም። ከዚያ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨምር፤ እስከ ዛሬ አልከፈትኩትም ነበር በል። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ከተናገርክ፣ ለሹፌሩ «ይምጣ» በለው። እውነተኞቹ በዚያው ጉዞ ይደርሱሃል፣ የካቲት 8 ቀን ልጆቹ ፊት ይበራሉ።

ምንም አልዘገየም። ደብዳቤውን ሹፌሩ በእጅህ እንዲሰጥህ ነግሬዋለሁ።

እህትህ


ከዕለት ማስታወሻዬ፣ የካቲት 11

ሹፌሩ ደብዳቤዬን በእጁ እንደሰጠው ምሎ ነግሮኝ ነበር። «ይምጣ» የሚል ግን አልመጣም። እስከ የካቲት 7 ካርቶኑን ደጃፌ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ።

ዛሬ ሹፌሩ መኪናውን ሳያጠፋ ወረደ። በመደዳው ሰው መሐል ቆሞ፣ «እትዬ፣ እዚያ አገር ሌላ ነጋዴ አላቸው ወይስ አንቺን ነው የሚሉት?» አለኝ።

ምን እንደሚሉ ጠየቅኩት።

«እንግዶቹ ፊት ካርቶኑ ተከፈተ። ፕላስቲክ ሆኖ ተገኘ። ወንድምሽ ደንግጦ ቆሞ፣ ‹የነበሩን ተበላሽተው ነጋዴዋ ልትቀይርልን ወስዳ ነበር፣ የመለሰችው ይህን ነው፣ አታለለችን› አለ። ያቺ ነጋዴ ለሕፃናት ፕላስቲክ ሰጠች እየተባለ ነው።»

የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ቆመ። ማንም ወደ እኔ አላየም፣ ይሄ ነው የከበደኝ። ካርቶኑን ከደጃፉ አንስቼ ባንኮኒው ላይ ከፈትኩ። አንድ በአንድ አበራኋቸው። አስራ ሁለቱም በሩ። ከዚያ ከጥቅምት ጀምሮ የማውቀውን ነገርኳቸው። ሰዓት ሠሪው፣ «አጉሊ መነጽሬስ?» አለ። የጠየቀው ይህንን ብቻ ነው።


የካቲት 12

ለእትዬ፣

እንደምን አለሽ? ጤናሽ እንደምን ነው? ጉልበትሽስ ተሻለው? ልብስ ሰፊዋና ሰዓት ሠሪውስ? እኔ በሥጋ ደህና ነኝ። ብዕር አንስቼ ስንቴ እንደጣልኩ አልነግርሽም።

ሹፌሩ ነግሮሽ ይሆናል። ቀድሜ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። እዚህ ትምህርት ቤት የገባ ዕቃ ሁሉ ንብረት ክፍል ይገባል። ለማውጣት የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል፤ የፈረመ ሰው ለተሰነጠቀው ሁሉ ይጠየቃል። ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ለአንድ የተሰበረ የድምፅ ማጉያ ዓመት ሙሉ ሲመላለስ አይቻለሁ። ዛሬ እፈርማለሁ፣ ነገ እፈርማለሁ ስል አንቺ ደብዳቤ ትጠብቂ ነበር፣ መደዳው ሁሉ ይጠብቅ ነበር። የመጀመሪያውን ጻፍኩ። ሁለተኛውን መጻፍ ቀለለኝ።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ነበር። ልፈጽመው ወስኜ ነበር። ግን ኃላፊዎቹ ፊት «አልከፈትኩትም» ብል ዘገባው ሁሉ ይፈርሳል፣ ዝውውሩም ይቀራል። ስምሽን አልጠራሁም እትዬ። «ነጋዴዋ» ብቻ ነው ያልኩት። እዚህ ማንም አያውቅሽም። ጥቂት ወር ዝም ካልሽልኝ ይረሳል። ዝውውሬ ጸድቋል።

ወይዘሪት ለምን የሚባል ልጅ የለችም። ክፍሌ ውስጥ እንዲህ የሚጠይቅ ልጅ የለም፣ ወይም እኔ አላስጠየቅኳቸውም። እሷን ስጽፍ የማስበው አንቺን ነበር፤ ከባንኮኒው በላይ ሆነሽ ስትጠይቂኝ። ይህን ስታውቂ ትንሽ እንኳ ይቅር ትይኛለሽ ብዬ አስባለሁ።

ታናሽሽ


መጋቢት 6

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ለመደዳው ሰው አነበብኩላቸው። ሙሉውን፣ ሰላምታውንም ጭምር።

ዝም እንድል ጠይቀኸኛል። ለርዕሰ መምህርህ ካርቶኑ እንዴት እንደተቀያየረ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽፌያለሁ፣ የሱቄ ማኅተም አለበት። የኔን ስህተት የኔ ነው ብያለሁ። ስላንተ የጻፍኩት ነገር የለም። ካርቶኑ መቼ እንደተከፈተ እሳቸው ንብረት ክፍሉን መጠየቅ ይችላሉ።

የልጅቷ ጉዳይ። እኔን እያሰብክ እንደጻፍካት ነግረኸኛል። ጥያቄዎቼን ወስደህ ለሌለች ልጅ ሰጠህ፣ ልጅቷን ወስደህ ለመጽሔት ሰጠህ፣ በመጨረሻ እኔ ሳስፈልግ «ነጋዴዋ» አልከኝ። ይህን እንደ ስጦታ አትላክልኝ።

ታብሌቶቹን ከመደዳችን ጀርባ ላለው ትምህርት ቤት ሰጥተናል፣ ለአራተኛ ክፍል። ንብረት ክፍሉ ማን ይፈርማል ሲል እኔ ፈረምኩ። በሁለተኛው ቀን አንዱ ወደቀና ጥጉ ተሰነጠቀ። መምህሯ ፊቷ አመድ መስሎ ሱቄ ድረስ መጣች። አየሁት፣ ይሠራል፣ ይዘሽው ግቢ አልኳት። ሌላ የሆነ ነገር የለም።

ትምህርቶችህን ሰጥቻታለሁ። ጥሩ ናቸው። የጩኸቱንም፣ የባቄላውንም፣ ገምታችሁ ጻፉ የምትለውንም። ከደብዳቤዎችህ ላይ እነሱን ብቻ ቆርጬ ነው የሰጠኋት። ስምህ ያለበት ክፍል እኔ ዘንድ ቀርቷል። ማን እንዳዘጋጃቸው ስትጠይቀኝ አንድ መምህር አልኳት።

በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እየሄድኩ ከኋላ እቀመጣለሁ። ክፍሉ ደረጃ አለው፣ እወጣዋለሁ። ባለፈው ጊዜ ባቄላዎቹን አወጡ። ሁሉም ፎቶ ሲያነሱ አንዲት ልጅ ቁጭ ብላ ካርቶን የተደፋበትን ታየዋለች። መስኮት አጠገብ አይደለም የምትቀመጠው፣ ከበሩ ኋላ ነው፤ እዚያ ብዙም ብርሃን የለም። እጇን አወጣችና ስለ ባቄላው አንድ ነገር ጠየቀች። መምህሯ አሰበች፣ እንጃ እፈልግና እነግርሻለሁ አለቻት። ወደ እኔ ዞረች፣ እኔም አላውቀውም። ሰዓት ሠሪውን ጠየቅኩት፣ ልብስ ሰፊዋን ጠየቅኩ። ጥያቄው አሁንም መደዳው ላይ አለ፣ ሁሉም በየሥራው መሐል እያነሳ ይጥለዋል።

አንተ መልሱን ታውቀዋለህ። ሳልጨርሰው ከባንኮኒው ሥር ሆነህ ትመልስልኝ ነበር።

ጥያቄዋን አልጽፍልህም።

ነጋዴዋ